ቀላሏ ዐጀላ

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ሳይክል ሊገዛ ፈልጎ ምክር ጠየቀኝ። ስልኩን አቀበለኝና፣ «አጎቴ፣ አንተ የብረት ሰው ነህ። ካርቦን ፋይበር ልግዛ፣ አሉሚኒየም ወይስ ብረት?» አለኝ። ካርቦን የሚሉትን በእጄ ነክቼው አላውቅም። ከክርና ከሙጫ የሚሠራ ነው፣ ከሁሉም ይቀላል፣ ሲሰበር ግን ሳያስጠነቅቅ ነው ይላሉ። የማውቀው ይህን ወሬ ብቻ ነው። ስለ ብረትና ስለ አሉሚኒየም ግን የምለው አለኝ፤ ያገኘሁትም ከመጽሐፍ አይደለም። ለልጁ ስነግረው ግማሹን አላመነኝም። እናንተም ማመን አለማመኑ የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። መተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት እርሻ የጥገና ክፍል በያጅ ነበርሁ። አገሬ ጋይንት ነው፤ እንደ ብዙው ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ወርጄ፣ አጨዳው አልቆ ጓደኞቼ ሲመለሱ እኔ እዚያው ቀረሁ። ብየዳውንም የለመድሁት እዚያ ነው። የትራክተር ማረሻ ይሁን የውኃ በርሜል፣ የተሰበረ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እጄ ጥሩ ነበር፤ አፌ ግን አይረባም። ሰው ሰብሰብ ካለ ቃል ይጠፋኛል።

ነዳጅ በራሽን ስለነበር ትራክተር እንኳ ከሥራ ይልቅ ቆሞ የሚውልበት ቀን ይበዛል። ስለዚህ አቅም ያለው ሁሉ ሳይክል ይመኛል። ሳይክሎቹ ከሱዳን ተበታትነው በጆንያ ይገቡና መተማ ላይ ይገጣጠማሉ። ስማቸውም አብሮ ገብቶ፣ ሳይክል የሚል ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እንደ ሱዳኖቹ ዐጀላ ነው የሚለው።

ከኮኪት ወጣ ብሎ የሚኖሩ አያ ፈንታሁን የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን የተቀደደ በርሜል ሊያስበይዱ ሲመጡ ልጃቸው ትርንጎ አብራቸው መጣች። በርሜሉን ስበይድ፣ «ዐይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለችኝ። መነጽሩ ጥቁር ስለሆነ ነው። እኔም ለመልስ ቃል ጠፍቶኝ በርሜሉን ሁለተኛ በየድሁት። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየጠና ሄደና የክፍላችንን ዘበኛ፣ አንድ አዛውንት፣ ሽማግሌ አድርጌ ላክሁ።

አያ ፈንታሁን እሺ አሉ። ግን አንድ ነገር ጨመሩ።

«ለልጄ ጥሎሹን እንደ አቅሙ ያድርግ። ለእኔ ዐጀላ ያምጣልኝ። እርሻዬ ርቆብኛል።»

እርሻቸው ከኾሩ ማዶ ነው። ኾር የምንለው በክረምት የሚሞላውን፣ በበጋ የሚደርቀውን ወንዝ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ውኃው ያንሳል፣ ጭቃው ግን ይቆያል። ዋልካ መሬት ስለሆነ ጎማ ይይዛል፤ ዐጀላ ያለው ሰው እዚያ ሲደርስ ወርዶ በትከሻው ያሻግራታል።

በሳምንቱ ኮኪት ገበያ ትርንጎ ጨው የምትገዛ መስላ አጠገቤ ቆመች።

«ጌትነት፣ ልትገዛ ነው አሉ።»

«አዎ። ጠንካራ ብረት አይቻለሁ። አባትሽ ዕድሜ ልካቸውን...»

«ከባድ እንዳትገዛ።» ጨዉን እያየች ነው የምትናገረው። «አባቴ ቡአ አለበት። ካነሳ ይወርድበታል፤ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለሰው ከነገርህ በቁሙ ገደልኸው ማለት ነው።»

«አልናገርም።»

«ማል።»

ማልሁ። ጨዉን ሳትገዛ ሄደች።

መተማ ላይ ዐጀላ የሚሸጠው ዑስማን የሚባል የሱዳን ነጋዴ ነበር። ያን ሰሞን ሁለት ብቻ ነበሩት። አንደኛዋ ጥቁር ብረት ናት፤ ቴላዮዋ፣ ማለት አጥንቷ፣ ላይኛው ቧንቧ ድርብ የሆነ፣ ከኋላዋ ጆንያ የሚጭን ሰፊ መቀመጫ ያላት። ሁለተኛዋ ነጣ ያለች አሉሚኒየም ናት። ካርቱም የነበረ ፈረንጅ ጥሏት ሄደ አለ ዑስማን፤ እውነቱን እሱ ያውቃል።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአማቴ።»

«ለአማት ከሆነ ሐዲዱን፣ ጥቁሩን ውሰድ። ብረት ነው፤ አንተም እሱም ሞታችሁ ይኖራል።»

ልክ ነበር። በገበያው ዙሪያ ሁለቱንም ነዳኋቸው። ብረቷ ጠጠሩን ዋጥ እያደረገች ትሄዳለች፤ ነጯ ግን እያንዳንዱን ጠጠር ለወገቤ ትነግረዋለች። ብረቷ ብትጎብጥ አቃናታለሁ፣ ብትሰበር በናስ እበይዳታለሁ፤ እኔ ባልኖር ሌላ አይጠፋም። አሉሚኒየምን ግን አውቀዋለሁ። ብረት እሳት ሲነካው ይቀላል፣ በቃኝ እያለ ይነግርሃል። አሉሚኒየም ሳይቀላ፣ ምንም ሳይልህ፣ ድንገት ይንጠባጠባል። አንድ የፓምፕ ክዳን እንዲያ እጄ ላይ ቀልጦ ቀርቷል። ነጯ ብትሰነጠቅ ከመተማ እስከ ጎንደር የሚጠግናት ሰው አላውቅም ነበር። ዝገትን ብትችልም፣ በሌላው ሁሉ ብረቷ ትበልጣለች።

ከዚያ በየተራ ትከሻዬ ላይ አደረግኋቸው። ብረቷን ሳነሳ ከእምብርቴ በታች ሳብ አደረገኝ። እኔ ወጣቱን ይኼን ያህል ከሳበኝ አያ ፈንታሁንን ምን ሊያደርጋቸው ነው ብዬ አወረድኋት። ነጯን በአንድ እጄ አነሳኋት። በዋጋ ከብረቷ ትወደዳለች፤ ለሰርግ ልብስ ያስቀመጥሁትም አብሮ ሄደ።

ዑስማን እየሳቀ ራሱን ነቀነቀና፣ «ያ ዞል፣ ኸፊፍ ወሰድህ?» አለኝ። ያ ዞል «አንተ ሰው» ማለት ነው፤ ኸፊፍ ደግሞ ቀላል። ምን ያስቀዋል ብዬ አላሰብሁም።

የሰሊጥ አጨዳ ሊጀመር ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሽማግሌዬ ጋር ይዣት ሄድሁ። ግቢው ሙሉ ሰው ነው። ከፊት የተቀመጡት የአያ ፈንታሁን ወንድም አያ ደምሴ ናቸው። ድምፃቸው ትልቅ፣ የራሳቸው ጥቁር የብረት ዐጀላ ያላቸው፣ ከተሰበረ ሬዲዮ የተነቀለ ማግኔት ከኪሳቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው። ገበያ የወጣ ማጭድና ቢላዋ ሁሉ በዚያ ማግኔት ካልተፈተነ አይገዙም።

አያ ፈንታሁን ዐጀላዋን ዞረው አዩና ሊያነሷት ጎንበስ አሉ። ከባድ ጠብቀው ኖሮ፣ እጃቸው ብድግ ሲል እስከ አገጫቸው ድረስ ወጣች። ሰው ሳቀ። አያ ፈንታሁን አልሳቁም።

«ባዶ ናት» አሉ።

«ቆይ ቆይ» አሉና አያ ደምሴ ማግኔታቸውን አውጥተው ቴላዮዋ ላይ አስጠጉ። አልያዘም፤ ወደቀ። አንስተው ሌላው ቧንቧ ላይ ሞከሩ፤ ያም ወደቀ። «ወይ ጉድ! ይኼ እኮ ብረት አይደለም! ድስት ነው ያመጣልህ ፈንታሁን! በድስት ልትሄድ ነው!»

«አሉሚኒየም ነው» አልሁ። ማንም አልሰማኝም።

እኛ ዘንድ ቀላልና ከባድ የሚባለው ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሰውም ቀላል ይባላል፤ ከዚያ የከፋ ስድብ የለም። አያ ፈንታሁን ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«በሰው ፊት አቀለልኸኝ» አሉ። «ለምን? ብረት ጠፍቶ ነው?»

«ጭቃው... ኾሩ ላይ መሸከም አለ ብዬ ነው አያ።»

«እኔ መሸከም አቅቶኝ?»

የተናገርሁትን መልሼ ልውጠው ብል አይዋጥም። አያ ደምሴ የጉድ ቀን አገኙና ሮጠው የራሳቸውን ጥቁር ዐጀላ እየገፉ አመጡ።

«ዐጀላ ማለት ይኼ ነው! በል አንሳው ፈንታሁን፤ ተሸክመህ ኾሩን ተሻገርና ይይልህ!»

አያ ፈንታሁን ጋቢያቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን ጠበቅ አድርገው ጎንበስ ሲሉ በበሩ በኩል ትርንጎን አየኋት። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እናቷ ከኋላዋ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ብናገር መሐላዬ ይፈርሳል፣ አያ ፈንታሁን በወገን ፊት ይዋረዳሉ፣ ትርንጎም አትምረኝም። ዝም ብል ሰውዬው ዐይኔ እያየ ሊወድቁ ነው። እጃቸው ብረቱን ጨብጧል።

«አያ፣ ይተውት!» አልሁ፤ ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። «ጭቃ ያልሁት ውሸት ነው። ብረቱን አይቼው ነበር፤ ሰስቼ ነው። ርካሹን መርጬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ቀላል ሰው።»

ሽማግሌዬ፣ «ምን ነካህ አንት!» ብለው ክንዴን ያዙኝ። አያ ፈንታሁን ግን ቀና አሉ። እጃቸው ከብረቱ ለቀቀ። ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

«እንግዲያው ሂድ» አሉኝ። «ዕቃህንም ይዘህ ሂድ። እንዲህ ላለ ሰው የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

ነጯን እየገፋሁ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሽማግሌዬ ሲቆጡ ሰማኋቸው፤ ምን እንዳሉ ግን ዛሬ አላስታውስም። አለቀስሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ትርንጎን አጥቻታለሁ፤ አባቷ ግን በእግራቸው ቆመዋል። ይኼን ደጋግሜ ለራሴ እየነገርሁ የጥገና ክፍሉ ደረስሁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንድ የማረሻ ጥርስ እየበየድሁ ሳለ ጥላ አረፈብኝ። መነጽሬን ሳነሳ አያ ፈንታሁን ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቻቸውን መጥተዋል።

«እሳቱን አጥፋው» አሉኝ። አጠፋሁት። የማረሻው ክምር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ በእጃቸው ጎናቸውን እንደያዙ አየሁ፤ እኔም እንዳየሁ አዩ።

«ዑስማን ጋ ሄጄ ነበር። ብረቱን ራሴ ልግዛው ብዬ።»

መነጽሬን አውልቄ አስቀመጥሁ።

«ነጯ ከብረቱ ትወደዳለች አለኝ። ወዳጅህ ሁለቱንም ትከሻው ላይ እያደረገ ሲያወርድ ነበር፣ ምን እንደሚመዝን እኔም አልገባኝም አለኝ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«ጌትነት!»

«ይኼን አይጠይቁኝ አያ።»

መሬት መሬቱን አዩ። «ልጄ ናት» አሉ። አልተቆጡም። «እኔን ከማሳፈር አንተ ተዋረድህ። በሰው ፊት ሂድ ብዬሃለሁ፤ አሁን ና ለማለት ምን ልበል? ደምሴ አገሩን ሁሉ አዳርሶታል። በድስት ሊሄድ ነበር እያለ ነው።»

«እውነቱን ቢናገሩስ?»

«አንት! እኔ በዚህ ትከሻ ስንት ኩንታል ሰሊጥ መኪና ላይ የጫንሁ ሰው፣ ዛሬ ወንድነቴ ተንጠልጥሏል ብዬ ላውጅ?»

ሳቄ መጣ፤ ልቤ ግን እያዘነ ነው። እሳቸው ግድግዳው ሥር የቆመችውን ነጯን በጣታቸው ቆረቆሯት።

«ይኼ ቧንቧ ውስጡ ባዶ ነው አይደል?»

«ባዶ ነው።»

«እንግዲያ ሙላው።»

«በምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ በያጁ አንተ ነህ! የሚከብድ ነገር ሙላበትና ቀለሙንም ጥቁር አድርገው። ለውጬ ብረት አመጣሁ ትላለህ። ሰው ሁሉ አንስቶ ይመልከት። ሲበተኑ ትደፋዋለህ፤ እኔም በቀላሏ እሄዳለሁ።»

መጀመሪያ አሸዋ አሰብሁ። ኋላ የአያ ደምሴ ማግኔት ትዝ አለኝ። ከሞረዱ ሥር የተጠራቀመ የብረት ብናኝ ነበረ፤ ክብደቱ ድንጋይ ነው። ኮርቻዋን ነቀልሁ፣ መሪዋን ነቀልሁ፣ ብናኙን እየጠቀጠቅሁ ሞላሁና አፉን በጨርቅ ወተፍሁት። አያ ፈንታሁን እንደ ልጅ ተደሰቱ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ማግኔት አምጥቶ ሞከረልን፤ ቴላዮው ላይ ለጠፍ ብሎ ቀረ። ጥቁር የትራክተር ቀለም ቀባናት።

እሑድ ከሽማግሌዬ ጋር ተመልሰን ሄድን። አያ ፈንታሁን ለወገኖቻቸው፣ «ልጁ ተጸጽቶ ለውጧል» ብለው ነግረዋል። ሰው አሁንም ተሰብስቧል፤ ከበፊቱም በዝቷል። አያ ደምሴ መጀመሪያ አነሷት። ወገባቸውን ይዘው አወረዷት። ማግኔቱን አስጠጉ፤ ያዘ። ከያዘበት በጥፍራቸው አላቀው ሌላ ቦታ ሞከሩ፤ ያም ያዘ።

«ይኼ ነው እንጂ!» አሉና ትከሻዬን መቱኝ። «አሁን ሰው ሆንህ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌዬ ላባቸውን ጠረጉ። አያ ፈንታሁን በዐይናቸው እየሳቁብኝ ነው። እዚህ ላይ ቢያልቅ ምንኛ ጥሩ ነበር።

«በል እንግዲህ ፈንታሁን» አሉ አያ ደምሴ፤ «ተሸክመህ ኾሩን ተሻገርና እንይ!»

በዚያ አገር ስጦታ ሰጪው ባለበት ይሞከራል። በሬም ቢሆን ይጠመዳል፣ ጠብመንጃም ቢሆን ይተኮሳል። ይኼን እኔም አያ ፈንታሁንም ረስተነዋል። የእሳቸው ሳቅ ዐይናቸው ውስጥ ደረቀ።

«እኔ ላሻግራት» አልሁ።

«አንተ ሰጪ ነህ፣ አርፈህ ቁም!» አሉኝ አያ ደምሴ።

ግቢው ተነሥቶ ወደ ኾሩ ወረደ። አያ ፈንታሁን ዐጀላዋን እየገፉ ዳር ደረሱ። እጃቸውን ላይኛው ቧንቧ ሥር ሲያስገቡ ሰዉን እየገፈተረች ትርንጎ መጣች። ለታጨች ልጅ በእጮኛዋና በሽማግሌ ፊት እንዲያ መውጣት ነውር ነው። ግድ አላላትም።

«ለአባቴ እኔ እሸከማለሁ» አለችና ቀምታቸው ትከሻዋ ላይ አወጣቻት።

በብናኝ እንደተሞላች ትርንጎ አታውቅም። ክብደቱ ሲያርፍባት ገረማት፤ ወደ እኔ ስታይ አየኋት። ምን ገዝተህ መጣህ የሚል አስተያየት ነበር። ግን አላወረደችም። ጭቃው እስከ ባቷ ዋጣት። መካከል ላይ አንድ እግሯ አልነቀል ብሎ በጉልበቷ ወደቀች። ዐጀላዋን አልለቀቀችም። ለመነሣት ስትታገል ቴላዮው አንገቷ ላይ ተጭኗል። እኔ ወደ ጭቃው ዘልዬ ገባሁ።

«ትርንጎ!» ብለው ጮኹ አያ ፈንታሁን። «ጣዪው! ጣዪው ልጄ!»

ደርሼ ከላይዋ አነሳሁላት። ተደግፋኝ ቆመች። አያ ፈንታሁን ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ቡአ አለብኝ» አሉ። «ከባድ ማንሳት አልችልም። ልጁ ቀላሏን ያመጣው ይኼን አውቆ ነው፤ ሰስቼ ነው ያለው ለእኔ ሲል ነው። ይኼም ብረት አይደለም፤ ያችው ናት። ሆዷን ብናኝ ያስሞላሁት እኔ ነኝ። በቃ። ስቁብኝ።»

ማንም አልሳቀም። አያ ደምሴ ማግኔታቸውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያገላብጡ ቆዩና ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔም አለብኝ» አሉ። ያ ትልቅ ድምፅ አልወጣም፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት።

«ምን አልህ?» አሉ አያ ፈንታሁን።

«አለብኝ አልሁህ! በጨርቅ ታጥቄ ነው የምውለው። ያን ዐጀላ ካነሳሁት ስንት ጊዜዬ! መግፋት ብቻ ነው የምገፋው።»

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላውም አንገቱን ደፋ። ሁሉም ሲጭኑ ሲያወርዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የአያ ደምሴ ሚስት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ኧረ እኛስ መቼ አጣነው! ጨርቁን የሚያጥበው ማን ሆነና!» አሉ። ያኔ ሳቅ ፈነዳ። አያ ፈንታሁን ሲስቁ እንባቸው ይወርድ ነበር። እኔም እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆሜ ጨርቁን ነቅዬ ብናኙን ደፋሁት፤ ትርንጎ መሪውን ይዛልኝ።

አንባቢዎቼ፣ ያን ቀን ብዙ ሰው ስለ ጨዋነቴ አመሰገነኝ። እኔ ግን ነገሩን ቆይቼ ሳስበው፣ የእኔ ዝምታ አንድ ዙር፣ የአያ ፈንታሁን እፍረት ሌላ ዙር ጨመረበትና ክብደቱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስለ ብናኙ በማታውቅ ልጅ አንገት ላይ አረፈ። ይኼን ካየሁ ወዲህ ሰው ዕቃ ሊያሠራ ሲመጣ ብረቱን አላስቀድምም። ማን እንደሚያነሳው፣ የት እንደሚያነሳው፣ የሚያመው እንዳለ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። ይቆጣ። ለወንድሜ ልጅም ካርቦን ይሻላል አይሻልም አላልሁትም፤ ጎረምሳ ነው፣ ቀጥ ባለ አስፋልት ነው የሚነዳው፣ የፈለገውን ይግዛ።

ሰርጋችን ተራዘመ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ጎንደር ሆስፒታል ሄደው መቀደድ ነበረባቸው። የሄዱት በሰሊጥ መኪና ነው፤ ሾፌሩ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠው። የኮኪት ገበያ እንደ ሞላ፣ አጫጁም ነጋዴውም ዙሪያውን ቆሞ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል አያ ደምሴ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። ያ ትልቅ ድምፃቸው ተመልሷል።

«ጌትነት! አንት ጌትነት! ዑስማን ጋ ሂድና ለእኔም ቀላሏን ፈልግልኝ!»